የተዋጠ ሁሉ አልሞተም

የካላዛር ስላይድ ማንበብ የሚለማመዱ ልጆች ዓይናቸው የሚሮጠው ተውሳኩን ፍለጋ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ሐኪሙም የሚጠይቀው «አለ ወይስ የለም?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ማክሮፋጁን እዩት እላለሁ።

ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ የተቀዳው ናሙና በጊምሳ ተቀልሞ፣ ዘይት ጠብ ተደርጎበት በ100ው ሌንስ ሲታይ፣ ማክሮፋጁ ሆዱ የካላዛር ተውሳክ በሆነው በሊሽማኒያ ታጭቆ ይገኛል። እያንዳንዱ ተውሳክ ከ2 እስከ 4 ማይክሮን ቢሆን ነው። በውስጡ ክብ ኒውክለስ፣ አጠገቡ ደግሞ ጠቆር ያለች፣ በትር መሳይ ኪኔቶፕላስት አለች። ሁለቱን አንድ ላይ ካላየሁ ሊሽማኒያ ነው አልልም፤ ፕላትሌትና የቀለም ዝቃጭ ያሳስታሉ።

የማክሮፋጅ ሥራ ባዕድ ነገርን ውጦ ማጥፋት ነው። የአሸዋ ዝንብ ቆዳ ውስጥ የተወችውን ሊሽማኒያም ይውጠዋል። ተውሳኩ ግን እዚያው ማክሮፋጁ ውስጥ ባለው አሲድ መሃል ይራባል፤ ዘበኛው አከራይ ሆኖ ቁጭ ይላል። ለመግደል ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ቲ-ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ ሲልኩለት ናይትሪክ ኦክሳይድ አምርቶ ተውሳኩን ይመርዘዋል። ኢንተርሉኪን-10 ሲበዛ ደግሞ ይህ ክንዱ ይዝላል። ሑመራና መተማ ላይ ዝንቧ ነድፋው ሳይታመም የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግን ለተውሳኩ እንግዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ምግቡም ስለማይበቃው ይበልጥ ይታመማል።

የሚገርመኝ የፀረ-አካሉ ነገር ነው። የታማሚው ደም በፀረ-አካል ይጥለቀለቃል፤ ፀረ-አካሉ ግን ሕዋስ ውስጥ የተሸሸገው ተውሳክ ላይ አይደርስም። አርኬ39 የምንለው ፈጣን ምርመራ የሚያገኘው ይህንኑ ፀረ-አካል ነው። እወደዋለሁ፤ ጣፊያን በመርፌ መውጋት ደም ሊያፈስ ይችላልና። ችግሩ፣ ሰውየው ከዳነ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታትም ፖዘቲቭ ማለቱ ነው። ሕመሙ አገረሸ ሲባል ወደ መርፌው እንመለሳለን።

ያኔ ትዕግሥት ይፈተናል። በአንድ ፊልድ፣ ማለትም በሌንሱ በአንድ ጊዜ በሚታየው ስፍራ፣ ከ100 በላይ ተውሳክ ሲኖር ውጤቱ 6+ ነው፤ ያንን ማንም ያየዋል። 1+ ግን በ1000 ፊልድ ከ1 እስከ 10 ተውሳክ ማለት ነው። ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ትእዛዝ ሰጪዎቹ ሲዲ4 ሴሎች ተመናምነዋል። መድኃኒቱ ብዙውን ቢገድልም የቀሩትን የሚጨርስ የለምና ያገረሽበታል። እንዲህ ያለ ሰው ሕክምናውን ጨርሶ ሲመጣ፣ 1000ውን ፊልድ ሳላዳርስ «የለም» ብዬ አልፈርምም።