ምርትና ግርድ፤ ስለ አግሪኮላ ስምንተኛ መጽሐፍ

ጊዮርጊዮስ አግሪኮላ የሳክሶኒ ተወላጅ ሲሆን፥ በቦሔሚያ የብር ማዕድን ከተማ በዮአኪምስታል ሐኪም የነበረ ሊቅ ነው። «ዴ ሬ ሜታሊካ» የተባለው የላቲን ድርሰቱ እርሱ ካረፈ በኋላ በ1556 እ.ኤ.አ. በባዝል ታተመ። ከ12ቱ መጻሕፍቱ 8ኛው፥ የተቆፈረው ድንጋይ ወደ ማቅለጫ ከመግባቱ በፊት እንዴት እንደሚመረጥ፥ እንደሚወቀጥና በውሃ እንደሚታጠብ ይናገራል። የሕዝብን ሙያና ልማድ ለሚመረምር ሰው ይህ ክፍል ብዙ ይሰጣል፤ የሚነሣበት ነቀፌታም አለ።

የሥራው መሠረት ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በአውድማ ላይ እህል ወደ ነፋስ ሲበተን ገለባው ይበናል፥ ፍሬው ይወድቃል። ማዕድን አጣቢም በነፋስ ፈንታ ውሃን ያሠራል። ወርቅ ከእኩል መጠን ውሃ 19 እጥፍ ያህል ሲከብድ፥ ኳርትዝ የተባለው ነጭ ድንጋይ ከ3 እጥፍ በታች ነው። ስለዚህ ወርቁ በአየር ላይ ድንጋዩን 7 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል፤ በውሃ ውስጥ ግን ውሃው ሁለቱንም ስለሚያቀል፥ ብልጫው ወደ 11 እጥፍ ይደርሳል። ሆኖም ትልቅ የድንጋይ ስባሪ ከደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ጋር እኩል ሊሰጥም ይችላል። አግሪኮላ ይህን ስሌት አልጻፈም፤ ነገር ግን ከማጠብ አስቀድሞ መውቀጥንና መንፋትን በተራቸው መግለጹ፥ ሠራተኞች ምሥጢሩን በእጃቸው ደርሰውበት እንደ ነበር ያስረዳል።

የደራሲው ትጋት ሊመሰገን ይገባዋል። ዘመመው የእንጨት ገበታ፥ ደለል እንዲይዝ የተነጠፈው ጨርቅ፥ በበርሜል ውሃ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚደረገው ወንፊት፥ ሁሉም በሥዕል ቀርበው ክፍሎቻቸው በፊደል ተመልክተዋል። የእጅ ሥራን የናቀ ሊቅ እንዲህ አይጽፍም።

ከታሪኮቹ አንዱ በተለይ ይጠቅማል። በ1512 እ.ኤ.አ. የሳክሶኒው መስፍን ጊዮርጊስ በሜይሰን ከጉድጓዶች ወጥተው የተጣሉትን የድንጋይ ክምሮች ለሲጊስሙንድ ማልቲትስ ሰጠ፤ እርሱም በውሃ ርጥብ አድርጎ የሚወቅጥ መሣሪያ ፈለሰፈ። እንግዲህ ምርትና ግርድ በድንጋዩ ባሕርይ ብቻ የሚለዩ አይደሉም፤ መሣሪያው ሲለወጥ ትናንት የተጣለው ዛሬ ሀብት ይሆናል።

ጉድለቱም ከዚሁ ይጀምራል። የባላባቱ ስም ተጠብቋል፤ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ድንጋይ የሚመርጡት ሴቶች ግን በሥዕል ይታያሉ እንጂ በጽሑፉ አይናገሩም። እንዲሁም ደራሲው የኮልኪስ ሰዎች ወርቅ እንዲይዝላቸው የእንስሳ ቆዳ በምንጭ ውሃ ውስጥ ያኖሩ እንደ ነበር ጠቅሶ፥ የወርቃማው በግ ጠጕር ተረት ከዚህ ወጣ ይላል። ግምቱ ብልህ ነው፤ ነገር ግን የተረትን መነሻ ማሳየት፥ ሕዝብ ተረቱን ለምን ጠብቆ እንዳቆየው ማስረዳት አይደለም።

ነገሩ ኢትዮጵያንም ይነካል። በቤኒሻንጉል የወንዝ አሸዋን በእንጨት ገበቴ እያዞሩ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች፥ ውሃው መቼ እንደሚፈስ፥ እጅ መቼ እንደሚገታ ያውቃሉ። የገበቴውን ቅርጽ ብቻ ለክቶ የሚመለስ ተመራማሪ የአግሪኮላን ጉድለት ይደግማል። የአጣቢዎቹን ቃላት በራሳቸው ቋንቋ፥ ሙያውንም ከማን እንደ ተማሩ አብሮ ካልጻፈ፥ ግርዱን ይዞ ምርቱን በወንዝ ይሰዳል።