ሠዓሊው ስላልታወቀው ኵርዐተ ርእሱ

ሠዓሊው ያልታወቀ ሥዕል በምን ይመዘናል? በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ለመምህሩ ሲነግር የሚመረመረው ሰሙና ወርቁ፥ ምሥጢሩና ቤቱ ነው፤ በቃል ሲወርዱ የኖሩ፥ ደራሲያቸው ግን የተረሳ ቅኔዎችም በዚሁ ሚዛን ይመዘናሉ። የኢትዮጵያ ነገሥታት ሲወራረሱት የኖሩት የጌታ መልክ፥ ኵርዐተ ርእሱ፥ እንዲሁ ሊመዘን ይገባዋል።

ሥዕሉ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣለ ሲሆን፥ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል። ሉቃስ ወንጌላዊ ሣለው የሚለው ትውፊት ስለ ክብሩ የተነገረ እንጂ የእጅ ሥራውን አይቶ የተፈረደ አይደለም። የአሣሣሉ ጠባይ በ1500 ዓመት ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከፍላንድር ወይም ከፖርቱጋል አገር የወጣ መሆኑን ያሳያል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣውን ሠዓሊ ላዛሮ ደ አንድራዴን የሚጠሩም አሉ፤ ሌሎች ሊቃውንት ሌላ ስም ይጠራሉ። በስሙ ክርክር የደከመ ግን መልኩን ሳያይ ይቀራል።

ኵርዐተ ርእሱ ማለት «ራሱን መመታቱ» ማለት ነው፤ ኰርዐ ከሚለው ግሥ ይወጣል። በሥዕሉ ውስጥ ግን የሚመታ ሰው የለም! ስሙን ያወጣለት ሊቅ ወንጌሉን አስታውሶ፥ ከእሾሁ በስተኋላ መቃውን አየ፤ ሠዓሊው ሰሙን ሠራ፥ ስም አውጪው ወርቁን አወጣ። የጐንደር ዘመን ሠዓልያን ደግሞ ሥዕሉን እየገለበጡ፥ ሁለት መቺዎችን በግራና በቀኝ አቆሙ። ይህ ጭማሪ መጽሐፍ ለማያነብ ምእመን ታሪኩን ገልጦለታልና አይነቀፍም። ነገር ግን ወርቁን መልሶ ሰም አድርጎታል። በጥንተ ሥዕሉ መቺው ስላልታየ፥ ማን መታው የሚለው ጥያቄ በፊቱ በቆመው ተመልካች ላይ ይወድቃል፤ በግልባጮቹ ግን ተመልካቹ ጥፋቱን ለሁለቱ ሰዎች ትቶ ይሄዳል። በዚህ ነገር ስሙ ያልታወቀው ሠዓሊ ይበልጣል።

ዋጋውንም ቢሆን ገዢዎች ሳይገምቱት በፊት ሕዝቡ ገምቶታል። ሥዕሉ ከሠራዊት ጋራ ይዘምት ነበርና፥ በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ጦርነት ተማርኮ በወርቅ ተዋጀ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ግን ከብሪታንያ ሙዚየም ተልኮ የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ለራሱ ወሰደው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1872 ክብረ ነገሥትንና ይህን ሥዕል እንድትመልስላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ፤ መጽሐፉ ተመለሰ፥ ሥዕሉ የለም ተባለ። ሆምስ በዚያ ጊዜ የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ሹም ነበረ፤ ዝምታውም ከመውሰዱ የከፋ ነው። ሥዕሉ በእርሱ ዘንድ መሆኑ በ1905 በሎንዶን የሥነ ጥበብ መጽሔት ታትሞ ታወቀ፤ በ1917 በዚያው ከተማ በሐራጅ ተሸጠ፥ በ1950 ደግሞ አንድ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ሊቅ ገዛው። ወደ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።