ጥላሸት የሌለው ማርሚታ

ወደ ሚቴን ጋዝ የተቀየረ መኪና ይዞ የሚመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ማርሚታውን ነው። ጣቱን ከተት አድርጎ ያወጣና «እየው፣ ጥላሸት የለውም!» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሚቴን ከአየር ጋር በሚገባ ስለሚዋሃድ ጥላሸት የሚሆን ነገር አይተርፈውም። ይህ ግን ሞተሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ዓይን የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ስለጠፋ የእኔ የመካኒኩ ሥራ እንዲያውም ይከብዳል።

የምሠራው በጣሊያን፣ ኤሚሊያ ሮማኛ ውስጥ ነው፤ ሚቴን በኪሎ የሚሸጥበት ማደያ እዚህ ብርቅ አይደለም። የሙያው ቁም ነገር የነዳጁና የአየሩ ድብልቅ ላይ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይበቃዋል፤ ሚቴን ግን ከ17 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። አየሩ ካነሰ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ትንሽ ከበዛ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ያሻቅባል፣ ጭሱን የሚያጠራው ካታላይዘርም ሊያስቆመው አይችልም። ድብልቁ ከመጠን በላይ ሲቀጥን ደግሞ ሞተሩ እሳት ይስታል፣ ሚቴኑም ሳይነድ ያመልጣል። «ነዳጅ ቆጥብልኝ» የሚል ደንበኛ ሳያውቀው የሚለምነኝ ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

ያመለጠው ሚቴን ቀላል ነገር አይደለም። ጉልበቱ እኩል በሆነ መጠን ሲነድ ሚቴን ከቤንዚን ሩብ ያህል ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ሚቴን ራሱ ግን በ100 ዓመት ሲሰላ አየርን የማሞቅ ኃይሉ የካርቦን ዳይኦክሳይድን 28 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ከመቶ 3 እጁ ሳይነድ ከወጣ ያ ሁሉ ትርፍ አለቀ። ካታላይዘሩም በደንብ ካልጋለ ሚቴንን አያቃጥልም፤ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ የሚመለስ መኪና እዚያ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይቆማል። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን መለኪያው ነው። በየጋራዡ ያለው የጭስ መመርመሪያ ለቤንዚን ጭስ የተስተካከለ ስለሆነ ሚቴንን በደንብ አያይም፤ ሞተሩ እያፈሰሰ ወረቀቱ ያማረ ቁጥር ያወጣል።

የጉልበቱ ነገር ለማስረዳት ይቀላል። ጋዙ የአየርን ቦታ ስለሚሻማ ለቤንዚን የተሠራ ሞተር 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ሚቴን ቀስ ብሎ ስለሚነድ የካንዴላውን እሳት በጥቂት ዲግሪ በማስቀደም ከፊሉን እናስመልሳለን። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ሚኒባስ ስለመቀየር ሲጠይቁኝ የማነሳባቸው ከፍታውን ነው። እዚያ ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ሳይቀየር ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን አጥቷል። በዚያ ላይ የጋዙ ሲጨመርበት፣ ሙሉ ተሳፋሪ ይዞ ሽሮ ሜዳን መውጣት ምን እንደሚመስል ሹፌሩ ይንገራችሁ።

መኪናውን ወደ ሚቴን ሊቀይር የሚያስብ ሰው መካኒኩን አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ሚቴንን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ አለህ ወይ? ሞተሩ ሞቆ፣ ቆሞም ጭነት ላይም እያለ ለክተህ ውጤቱን ስጠኝ ይበለው። መሣሪያው ከሌለው በቤንዚኑ ይቆይ።