አብሮ የተሄደ፣ ለብቻ የተገጠመ

በእንግሊዝ ሮማንቲክ ግጥም ውስጥ የምናውቀው እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛ ነው። ግጥሞቹ የተጸነሱባቸውን ጉዞዎች ስንመረምር ግን ከጎኑ ባልንጀራ አናጣም። ብቸኝነቱ የአጻጻፍ ምርጫ እንጂ የጉዞው ታሪክ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1797 ዊልያም ዎርድስዎርዝ፣ እህቱ ዶሮቲና ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ከሰመርሴቱ አልፎክስደን ተነሥተው በኳንቶክ ኮረብቶች በኩል በእግራቸው አቀኑ። ለመንገዱ ወጪ እንዲሆን ሁለቱ ገጣሚዎች በጋራ አንድ ግጥም ጽፈው ለመጽሔት ሊሸጡ ተስማሙ። ዛሬ በኮልሪጅ ስም የሚታወቀው የሽማግሌው መርከበኛ ታሪክ የተወጠነው እዚያ ነው። የትረካው ቋጠሮ የሆነውን የአልባትሮስ ወፍ መገደል ያቀበለው ግን ዎርድስዎርዝ ነበር፤ አጻጻፋቸው አልጣጣም ሲል ሥራውን ለባልንጀራው ተወለት።

ብቻውን መሄድን በ1822 ያወደሰው ጸሐፊ ዊልያም ሃዝሊት እንኳ ከዚህ አያመልጥም። በማግሥቱ ዓመት ባሳተመው ትዝታ፣ በ1798 ከኮልሪጅ ጋር ወደ ሊንተን ያደረገውን ጉዞ በፍቅር ይተርካል። ኮልሪጅ በወጣ ገባ መሬት ወይም ቁጥቋጦ እየጣሰ ሲሄድ ግጥም እንደሚመጣለት፣ ዎርድስዎርዝ ግን ቀጥ ያለ የጠጠር መንገድ እንደሚመርጥ የሰማው ከራሱ ከኮልሪጅ ነው።

የባልንጀራ ድርሻ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በኧልስዎተር ሐይቅ ዳር ነው። ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ወንድምና እህት ኃይለኛ ነፋስ እየገፋቸው ወደ ግራስሚር ሲመለሱ ዳፎዲል የተባሉትን ቢጫ አበቦች አዩ። ዶሮቲ በዕለት ማስታወሻዋ መጀመሪያ ጥቂቶቹን፣ ቀጥሎም ዳርቻውን ተከትሎ የተዘረጋውን፣ የዋና መንገድ ያህል ስፋት ያለውን መደዳ መዘገበች። ከፊሎቹ እንደ ደከመው ሰው ድንጋይ ተንተርሰዋል፤ የቀሩት በነፋሱ ይወዛወዛሉ፣ ይጨፍራሉ። ዎርድስዎርዝ ስለ እነዚህ አበቦች የገጠመውን ግጥም በ1804 ጻፈ፣ በ1807 አሳተመ፤ በግጥሙ ውስጥ ግን ተመልካቹ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ዎርድስዎርዝ ውለታ ቢስ ነበር ማለት አይቻልም። በ1843 ለወዳጁ ለኢዛቤላ ፌንዊክ ባስጻፈው ማብራሪያ፣ ከዚሁ ግጥም ምርጥ የሆኑት ሁለት ስንኞች የባለቤቱ የሜሪ መሆናቸውን መስክሯል። የእህቱን ማስታወሻ ግን አላነሣም። ስንኝ ላዋጣ ምስጋና ተከፈለ፤ ዐይን ላዋጣ አልተከፈለም።

ስለዚህ የዶሮቲን ጽሑፍ የግጥሙ ጥሬ ዕቃ አድርጎ ማለፍ አይበቃም። በእሷ ገጽ ላይ ድካምና ጭፈራ ጎን ለጎን ናቸው፤ ግጥሙ ጭፈራውን ይዞ ድካሙን ትቷል። ሁለቱን አስተያይተን ስናነብ፣ ዎርድስዎርዝ ከግጥሙ ያስወጣው እህቱን ብቻ ሳይሆን የዕለቱን ክብደትም ጭምር እንደነበረ እንረዳለን።