የኮከቡ ድምቀት ብቻውን አያስረዳም

መግነጢሳዊ ኃይላቸው የበረታ ከዋክብትን የሚያጠና ሰው ሥራው ሁለት ነው፤ በአንድ በኩል የኮከቡን ድምቀት ሌሊት ከሌሊት ይለካል፣ በሌላ በኩል ብርሃኑን በየቀለሙ ዘርዝሮ ስፔክትረሙን ያነባል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በተለያየ ዓመት ይሠሩና ኋላ በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ አሠራር ያሳስታል ባይ ነኝ። ድምቀቱና ስፔክትረሙ በአንድ ወቅት፣ ቢቻልም በአንድ ሌሊት መለካት አለባቸው።

በኮከቡ ገጽ ላይ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ከኮከቡ ጋር ዞሮ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ ይቀንሳል፣ ዞሮ ሲሄድ ይመለሳል። ኮከቡ በስንት ቀን አንዴ እንደሚዞር የምናውቀው በዚህ ነው። የምንለካው ግን ውጣ ውረዱን እንጂ ጥቁሩ ምን ያህል እንደሚሰፋ አይደለም። ነጠብጣቦቹ ዙሪያውን እኩል ከተበተኑ፣ ወይም አንድ ትልቅ ጥቁር ቦታ ሁልጊዜ በሚታየን ዋልታ ላይ ከተቀመጠ፣ ድምቀቱ አይለዋወጥም፤ የሚናጠውንም ኮከብ ጸጥተኛ እንለዋለን። ቮግትና ፔንሮድ በ1983 ኤች አር 1099 የተባለውን ኮከብ የስፔክትረም መስመሮች ቅርጽ ተከትለው የገጹን ካርታ ሲሠሩ፣ ዋልታው አካባቢ እንዲህ ያለ ጥቁር ቦታ አግኝተዋል።

ስፔክትረሙ ላይ ወደ ወይን ጠጁ ጫፍ፣ 393.4 እና 396.8 ናኖሜትር አጠገብ፣ ካልሲየም የቦረቦራቸው ሁለት ሰፋፊ ጉድጓዶች ይታያሉ። መግነጢሳዊ ኃይል ከገጹ በላይ ያለውን ክሮሞስፌር ሲያሞቀው ከጉድጓዱ ወለል መካከል ቀጭን የብርሃን ጉብታ ብቅ ይላል። ኦሊን ዊልሰን ከ1966 ጀምሮ በማውንት ዊልሰን የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ የተከታተለው ይህንኑ ጉብታ ነው፤ የ91 ከዋክብትን ውጤት ያወጣው በ1978 ነበር። ያ ትዕግሥት ባይኖር ስለ ከዋክብት የመግነጢሳዊ ንቃት ዑደት የምንናገረው አብዛኛው ነገር ባልኖረም ነበር። በኋላ በመጣው መሣሪያ የጉብታው ብርሃን ከግራና ከቀኝ ለተወሰደ፣ እያንዳንዱ 2 ናኖሜትር ለሚሰፋ መስኮት ብርሃን ይካፈላል። ስስ ደመና ቢያልፍ ሁሉንም አብሮ ስለሚያደበዝዝ ውጤቱ ብዙም አይናጋም። ድምቀት የሚለካው ባለሙያ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ማነጻጸሪያ ኮከብ ያስፈልገዋል፣ ማነጻጸሪያው ራሱ እንዳይለዋወጥም ሁለተኛ ኮከብ ይጠብቀዋል።

ሁለቱ ልኬቶች ለዓመታት ጎን ለጎን ሲሄዱ የታየው ነገር የክርክሬ ዋና ማስረጃ ነው። ሎክውድ፣ ራዲክና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ወጣትና ንቁ ኮከብ የካልሲየም ጉብታው ሲያድግ ይደበዝዛል፤ ነጠብጣቡ ያይላልና። እንደ ፀሐይ በዕድሜ የገፋው ግን በተቃራኒው ይደምቃል፤ ፀሐይም በዑደቷ ጫፍ ላይ 0.1 በመቶ ገደማ ትደምቃለች፤ በገጿ ላይ ያሉት ብሩህ ቦታዎች ከነጠብጣቦቿ ይበልጣሉና። እንግዲህ ከዓመት ዓመት መደብዘዝ በአንዱ ኮከብ የንቃት፣ በሌላው የዕረፍት ምልክት ነው። ድምቀቱን ብቻ የያዘ ሰው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል?

በ2009 የመጠቀችው ኬፕለርና በ2018 የተከተለቻት ቴስ የተባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች የብዙ መቶ ሺህ ከዋክብትን ድምቀት ሰጥተውናል፤ ስፔክትረም ይህን ሁሉ አይደርስበትም የሚል ተቃውሞ አለ። አይደርስበትም፤ እኔም አልክድም። ሆኖም ቁጥር መብዛቱ የምልክቱን አቅጣጫ አያቃናም። በፍጥነት የሚዞር ኮከብ ወጣት ነው ብለን በጅምላ ብንወስድ፣ ጓደኛው በስበቱ እያፈጠነው ያለ አሮጌ ጥንድ ኮከብ ከወጣቶቹ ጋር ይቆጠራል፤ ጥንድነቱን የሚያጋልጠው የስፔክትረም መስመሮቹ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ነው። የቴሌስኮፕ ጊዜ ውድ ነው የሚለው ይበልጥ ይከብደኛል። ለዚህ መልሴ የከዋክብቱን ቁጥር መቀነስ ነው፤ ድምቀቱን ትንሽ ቴሌስኮፕ ይለካዋል፣ ትልቁ በዚያው ሰሞን ጥቂት ስፔክትረም ይውሰድ። ነጠብጣቦች በሳምንታትና በወራት ውስጥ ስለሚለዋወጡ፣ የአምናው ስፔክትረም የሚያሳየው ዘንድሮ የሌለ ገጽ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ካልተቻለም፣ ቢያንስ በሠንጠረዡ ላይ ከእያንዳንዱ ልኬት ጎን የተለካበት ቀን ይጻፍ።