ንባብ ከቤት ሲያስወጣ፦ ከመርጡለ ማርያም እስከ ማንኩሳ

ስለ ንባብ ባህላችን የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኞቹ ልቅሶ ናቸው። ስንት መጽሐፍ ታተመ፣ ስንት ተሸጠ፣ ስንት ቤተ መጻሕፍት አለ ተብሎ ይቆጠርና «ሕዝባችን አያነብም» ተብሎ ይደመደማል። ቆጠራው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን አንባቢን ብቻውን ተቀምጦ ገጽ የሚገልጥ ሰው አድርጎ ስለሚያስብ ጎጃምን አያየውም። በዚያ አገር ንባብ ለብዙ መቶ ዓመታት በጆሮ፣ በቃልና በእግር የሚሠራ ሥራ ነበር። ዋጋውም ከቤት መውጣት ነበር፤ ያነበበ ሰው ወደ ወጣበት ቤት እንደ ወጣ አይመለስም።

መርጡለ ማርያም ይህን ለማየት ጥሩ ቦታ ናት። በጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር የሚገኘው ገዳም ትውፊቱ እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን ይወስደዋል። በታሪክ የሚታወቀው የድንጋይ ሕንጻ ግን የንግሥት እሌኒ ነው። በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ፤ በሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን መልሰው ሊሠሩት ሞከሩ፤ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ፍርስራሹን አይቶ በጽሑፍ መዝግቦታል። የጎብኚ ዐይን የሚያርፈው እዚያ ባለው ቅርጻ ቅርጽ ላይ ነው፤ ሲቃጠል አብረውት ስለ ጠፉት ብራናዎች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እሌኒ ከሐድያ ገራድ ቤት ተወልደው፣ በእስልምና አድገው፣ በጋብቻ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የመጡ ሴት ናቸው። ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገር ያስተዳደሩት፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩት እሳቸው ናቸው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋላዊ ጸሐፊ ዳሚያኦ ዴ ጎይሽ ደግሞ እሌኒ ሁለት የግዕዝ መጻሕፍት እንደ ደረሱ ይነግረናል፤ አንዱን እንዚራ ስብሐት ይለዋል። የድርሰቱ ባለቤትነት ሊያከራክር ይችላል። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ በጉልምስና የተገኘ ሃይማኖትን በተውሶ ቋንቋ እስከ መድረስ ያደረሳቸው ንባብ፣ በሠሩት ገዳም ዙሪያ ለተሰበሰቡት ሴቶች ልጆች እንደ ልማድ ሳይዳረስ መቅረቱ።

ለወንዶቹ የተዳረሰው የቤተ ክህነቱ ንባብ የሚጀመረው በፊደል ነው፤ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ መጨረሻው ዳዊት። መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ብዙ ስለነበረ ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጡ ነበር፤ በራስጌው በኩል የደረሰው ልጅ የተገለበጠ ፊደል ማንበብ ይለምድ ነበር። ብራና ውድ ነበርና ትርፍ ቅጂ አልነበረም። ዳዊት የደገመ ልጅ ቅኔ ሲያምረው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይሄዳል፤ በሰው ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይበላል። ባላገሩ ውሻውን እየያዘ ይመጸውተዋል እንጂ የማን ልጅ ነህ ብሎ አያጣራም፤ የራሱ ልጅም ሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ደጅ ቆሟልና። ይህ የማያልቅ ልውውጥ ባይኖር ኖሮ ዋሸራም ጎንጅም ዋድላም የሚባሉት የቅኔ አገሮች ስም ብቻ ይሆኑ ነበር።

ቅኔ ቤት ሲገባ መጽሐፉ ጭራሽ ይርቃል። ተማሪው ጫካ ገብቶ ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በሁለቱ ውስጥ ሰሙንም ወርቁንም ማስገባት ያቃተው ልጅ ነገ ይደግማል። ወደ መጻሕፍት ቤት ያለፈው ደግሞ አንዱን ጥቅስ «አንድም» እያሉ ደጋግመው ሲፈቱት ይሰማል። እንዲህ የተማረ ሰው ያነበባቸው መጻሕፍት ቢቆጠሩ ጥቂት ይሆናሉ። አንዱን ዐረፍተ ነገር ግን ባንድ ፍች አይለቀውም። ይህን ልማድ በገበያ ቆጠራ ማግኘት አይቻልም።

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ማንሳት ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ዐይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ተማሪዎች ቅኔ አስቆጥረዋል። መጽሐፍ በዐይናቸው ማንበብ የማይችሉ ሴት የሊቅነት ማዕረግ ላይ መድረሳቸው የጆሮ ንባብ ምን ያህል ሙሉ እንደሆነ ያሳያል። ነገር ግን ከቤት መውጣት አላስፈለጋቸውም፤ መምህሩ ቤት ውስጥ ነበሩና። ለሌሎቹ ሴቶች መንገዱ እንደተዘጋ መቆየቱን ይህ አንድ ምሳሌ አይሽርም፤ እንዲያውም ያጎላዋል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ይህ ሁሉ ውስጡ ነበር። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ተወልደው፣ ቤተ ክህነቱን ቀምሰው፣ ኋላ አዲስ አበባን፣ በጦርነቱም የጣሊያንን እስር ቤት ያዩ ሰው ናቸው። ሂስ ልብ ወለዱን አብዝቶ የሚያነበው የባላባትን ሥርዓት የሚከስ የፍቅር ታሪክ አድርጎ ነው። ትክክል ነው፤ ጎደሎ ግን ነው። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያገናኛቸው ትምህርት ነው። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ በዛብህን ለልጃቸው አስተማሪ አድርገው ያስገቡት ክብር እንዲጨምርላቸው እንጂ ሌላ አስበው አልነበረም። ባላባቱ ንባብን እንደ ጌጥ ወደ ቤቱ አስገባ፤ ንባቡ ልጅቱን ይዟት ወጣ። የዚያው ልብ ወለድ ሌላ ሰው ጉዱ ካሳም ያው ነው፦ ሊቅነቱ ከዘመዶቹ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አላስቀመጠውም፤ አዋቂነቱን እብደት ብለው ስም አወጡለት።

ብዙ አንባቢ ግን በዛብህ የተወለደበትን ማንኩሳን ቶሎ ያልፈዋል። ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ እየሞቱባት የተፈራች ሴት ናት፤ ቦጋለ መብራቱ ድኻ ነው። ዘግይቶ የመጣላቸውን አንድ ልጅ፣ በዛብህን፣ ሞት እንዳይወስድባቸው ለቤተ ክርስቲያን ይሳሉታል። ስለቱ ውስጥ ራሷ ፊደል የማታውቀው እናትም አለችበት። ልጇን ለመጻሕፍት ስትሰጥ ከሞት አስጥላዋለች፤ በዚያው እጇ ከራሷ ቤትም፣ ሊመሠርተው ከሚችለው ቤትም አስወጥታዋለች። ሐዲስ እዚህ ማንንም አይከሱም፤ የስለቱን ክፋትና ደግነት አንድ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ጥበብ ያ ነው፤ «አንድም» እያለ ባደገ ጆሮ የተጻፈ ነው።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት ወደ እናቶች ደጅ መጣ፤ ሴት ከቤቷ ሳትወጣ ፊደል ቆጠረች። የዘመቻው ጫናና ፖለቲካ ሌላ ወሬ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክም መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ ሰው በጆሮው ጨርሶታል። ያ አድማጭ በምንም የሽያጭ ቆጠራ ውስጥ የለም፤ ግን ስለ በዛብህ ቢጠየቅ ከፈታኙ ይበልጣል።

ስለዚህ «ሕዝባችን አያነብም» የሚለው ፍርድ እንደገና ይታይ፤ ዳኛው ምስክሮቹን ሁሉ አልሰማም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዳግም የሚያነሣ ሰውም ከሰብለ ወንጌል አይጀምር፤ ከውድነሽ ይጀምር።