ባልዲውና ከዋክብቱ፤ የኤርንስት ማኽ የሜካኒክስ መጽሐፍ ከመምህሩ አንጻር ሲመዘን

በክፍል ውስጥ ከሚጠኑት የፊዚክስ ሕጎች ሁሉ የኒውተን የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ ሕግ ቀላሉ መስሎ ይታያል። አንድ አካል ከውጭ ኃይል ካላረፈበት በቀር የቆመው እንደ ቆመ፣ የሚጓዘውም በቀጥታ መሥመርና በማይለወጥ ፍጥነት እንደ ተጓዘ ይኖራል። ዘወትር የሚጠቀሰው ምሳሌ አውቶቡስ ነው፤ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደ ፊት ይወረወራል። ተማሪው ለምን ብሎ ቢጠይቅ «በኢነርሽያ ምክንያት» ተብሎ ይመለስለታል። ይህ መልስ ለነገሩ ስም ያወጣለታል እንጂ ምክንያቱን አይገልጽም። ሕጉም ራሱ አንድ ዐቢይ ጉዳይ ሳይናገር ያልፋል። «የቆመ» ሲባል ከምን አንጻር የቆመ ነው? በክፍሉ ያለው ወንበር ከወለሉ አንጻር ቆሟል፤ ከፀሐይ አንጻር ግን በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይህን ጥያቄ አንጥረው ካወጡት መጻሕፍት መካከል ኦስትሪያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት ማኽ እ.ኤ.አ. በ1883 ያሳተመው የሜካኒክስ ታሪክና ሂስ ከፍተኛ ስፍራ አለው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በ1893 በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል። የማኽን ስም አንዳንዱ አንባቢ ከድምፅ ፍጥነት ጋር ከተያያዘው ቁጥር ያውቀዋል፤ ሌላው ደግሞ ሌኒን በ1909 ካሳተመው የፍልስፍና ትችት። የፍልስፍናው ክርክር ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አይነሣም። የሚመዘነው የመጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል፣ ይኸውም ኒውተን ስለ ጊዜ፣ ስለ ሕዋና ስለ እንቅስቃሴ ያለውን አመለካከት የሚተቸው ክፍል ነው።

የክርክሩ መነሻ ተራ ባልዲ ነው። ኒውተን በ1687 በታተመው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ ውሃ የያዘ ባልዲ በገመድ ይንጠለጠላል፤ ገመዱ ደጋግሞ ከከረረ በኋላ ይለቀቃል። በመጀመሪያ ባልዲው ሲሽከረከር ውሃው ገና ስላልተከተለው ገጹ ጠፍጣፋ ነው። ቀስ በቀስ ውሃው ከባልዲው ጋር እኩል ይዞራል፤ ያን ጊዜ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ዳር ዳሩም በባልዲው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ባልዲው በድንገት ቢያዝም ውሃው እየዞረ እንደ ጎደጎደ ጥቂት ይቆያል። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ውሃው ከባልዲው ጋር አብሮ በሚዞርበት ጊዜ በሁለቱ መካከል አንዳችም አንጻራዊ እንቅስቃሴ የለም፤ ገጹ ግን ጎድጉዷል። ለመጎድጎዱ ምክንያቱ ባልዲው አይደለም ማለት ነው። ኒውተን ከዚህ ተነሥቶ፣ ውሃው የሚዞረው ከማይታየውና ከማይንቀሳቀሰው ፍጹም ሕዋ አንጻር ነው ሲል ደመደመ።

ማኽ ሙከራውን ሳይሆን መደምደሚያውን ነው የነቀፈው። ሙከራው ያረጋገጠው የባልዲው ቀጭን ግድግዳ ውሃውን ለማጎድጎድ አለመብቃቱን ብቻ ነው። ነገር ግን ውሃው ከባልዲው አንጻር ብቻ ሳይሆን ከምድርና ከሰማይ አካላት ሁሉ አንጻርም ይዞራል። የባልዲው ግድግዳ ብዙ ኪሎ ሜትር ውፍረትና ያንኑ የሚያህል ቁስ ቢኖረው ሙከራው ምን ውጤት ይሰጥ እንደ ነበር ማንም ሊናገር አይችልም ይላል ማኽ። ጳጳሱ ጆርጅ በርክሊ በ1721 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነቀፌታ ሰንዝሮ ነበር፤ የወፍራሙ ባልዲ ሐሳብ ግን የማኽ ነው፤ በክፍል ውስጥም ከማናቸውም ቀመር ይልቅ ያስተምራል።

የማኽን አስተያየት በቀላሉ እንዳይጣል የሚያደርገው አንድ መገጣጠም አለ። ፉኮ በ1851 በፓሪስ ፓንቴዎን በ67 ሜትር ሽቦ ያንጠለጠለው ዥዋዥዌ የምድርን መዞር ወደ ሰማይ ሳያዩ ለማወቅ አስችሏል። በዋልታ ላይ ቢሰቀል የዥዋዥዌው መሥመር በ24 ሰዓት ሳይሆን ከሩቅ ከዋክብት ጋር እኩል በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር ይፈጽማል። በተዘጋ ቤት ውስጥ የተሰቀለ ብረት ከዋክብቱን እንዴት አወቃቸው? ለኒውተን ይህ ከዋክብቱ በፍጹም ሕዋ ውስጥ የማይዞሩ ከመሆናቸው የመጣ መገጣጠም ብቻ ነው። ለማኽ ግን ኢነርሽያ ራሱ ከሩቁ ቁስ ጋር የተያያዘ ነው።

ሆኖም መጽሐፉ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ድክመቱም ይኸው ነው። ከዋክብቱ በባልዲው ውሃ ላይ በምን መንገድ እንደሚሠሩ ማኽ አንድም ቀመር አልሰጠም። የተለመደው ስበት በርቀት ካሬ እየቀነሰ ስለሚሄድ ተጠራጣሪው አንባቢ ቢስቅ አይፈረድበትም። ክፍተቱን ለመሙላት ዴኒስ ሻማ በ1953 ያቀረበው ሐሳብ ግሩም ነው። በሻማ አስተሳሰብ አንድ አካል ፍጥነቱን ሲለውጥ የሚያርፍበት የስበት ክፍል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በእኩሌታ ብቻ ይቀንሳል። በአንጻሩ እኩል ውፍረት ባላቸው የሕዋ ንብርብሮች ውስጥ ያለው ቁስ በርቀቱ ካሬ ያድጋል። ስለዚህ የሩቁ ድርሻ የቅርቡን ይበልጣል፤ የፀሐይና የመላው ፍኖተ ሐሊብ ድርሻ ኢምንት ይሆናል። ሻማ ራሱ ግን ይህን ያቀረበው ለተሟላ ቀመር መንደርደሪያ አድርጎ ነበር።

«የማኽ መርህ» የሚለውን ስም በ1918 የሰጠው አይንሽታይን ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ማኽ እንዲህ ያለ ሕግ እንዳወጣ አድርገው መጻፋቸው ስሕተት ነው። የአይንሽታይን የስበት ንድፈ ሐሳብም መርሁን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም፤ ደ ሲተር በ1917 ቁስ በሌለበት ሕዋ ውስጥም ኢነርሽያ ሊኖር እንደሚችል ከዚያው ቀመር አወጣ፤ አይንሽታይንም በኋለኛው ዘመኑ ከመርሁ ራቀ። ወፍራሙ ባልዲ ግን ከንቱ ሐሳብ አልነበረም። በ2004 የመጠቀችው ሳተላይት ግራቪቲ ፕሮብ ቢ፣ ምድር ስትዞር በአቅራቢያዋ ያሉትን ጋይሮስኮፖች በጥቂቱ እንደምትጎትት ለካች። በ2011 የወጣው ውጤት በዓመት የአንድ ዲግሪ አንድ መቶ ሺኛ ገደማ ሲሆን፣ የልኬቱ ስሕተትም ከውጤቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነበር።

እንግዲህ መርሐ ትምህርት አዘጋጁ መርሁን ለፈተና የሚጠና ሌላ ሕግ አድርጎ ቢጨምረው ማኽን አላነበበውም ማለት ነው። የሚጠቅመው የመጀመሪያው ሕግ በሚሰጥበት ክፍለ ጊዜ «ከምን አንጻር?» የሚለው ጥያቄ ቦታ እንዲያገኝ፣ ከአውቶቡሱም ምሳሌ በኋላ የባልዲው ሙከራ እንዲከተል ማድረግ ነው። የፉኮ ዥዋዥዌ በፓሪስ በሰዓት ከ11 ዲግሪ በላይ ሲዞር፣ 9 ዲግሪ ገደማ ሰሜን ኬክሮስ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን ከ2 ዲግሪ ተኩል ያነሰ ስለሚዞር ለአንድ ክፍለ ጊዜ አይመችም። ባልዲው የሚፈልገው ገመድ፣ ውሃና የውሃው ገጽ መቼ ጠፍጣፋ፣ መቼ ጎድጓዳ እንደ ሆነ በተራ የሚመዘግብ ተማሪ ነው።